ካናቢኖል (ሲቢኤን)፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲቢኤን ከሲቢዲ በምን ይለያል? ሁለቱም ከካናቢስ ነው የሚወጡት ሲባል እሰማለሁ።

መልስ፦ ተክሉ አንድ ቢሆንም አመጣጣቸው ለየቅል ነው። ሲቢዲን ተክሉ ራሱ ያዘጋጀዋል። ሲቢኤን ግን ቲኤችሲ ሲያረጅ የሚፈጠር ነው፤ የሚያሰክረው ቲኤችሲ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው አራት የሃይድሮጂን አቶሞች ያጣና ሲቢኤን ይሆናል። ለዚህ ነው አዲስ በተቆረጠ ተክል ላይ እምብዛም የማይገኘው፣ በከረመ ሐሺሽ ላይ ግን የሚበዛው። የካምብሪጅ ኬሚስቶች በ1896 እ.ኤ.አ. ሲያገኙት ስካሩ ከእሱ የሚመጣ መስሏቸው ነበር። ቲኤችሲ ንጹሕ ሆኖ የተለየው ዘግይቶ፣ በ1964፣ እስራኤል ውስጥ በራፋኤል መሹላምና በየሂኤል ጋኦኒ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እሱስ ያሰክራል?

መልስ፦ በጥቂቱ። አንጎል ውስጥ ቲኤችሲ በሚይዘው በዚያው ሲቢ1 በሚባለው ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ ጥንካሬው ግን ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ «የእንቅልፍ ዘይት» እየተባለ ይሸጣል። እውነት ያስተኛል?

መልስ፦ ማስታወቂያው ከማስረጃው በጣም ቀድሟል። በ1975 የታተመ ጥናት ለአምስት ወንዶች 50 ሚሊግራም ሲቢኤን ብቻውን ሲሰጥ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ ድብታው የበረታው ከቲኤችሲ ጋር ሲቀላቀል ነው። በ2023 በወጣ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ 20 ሚሊግራም ለሰባት ሌሊት የወሰዱ ሰዎች ሌሊት የሚነቁበት ብዛት ቀንሷል፣ እንቅልፍ ቶሎ እንዲወስዳቸው ግን አላደረገም። ሲቢዲ መጨመሩም ያመጣው ተጨማሪ ጥቅም አልታየም። ችግርህ እኩለ ሌሊት መንቃት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ አልጋ ላይ ሁለት ሰዓት መገላበጥ ከሆነ ግን ገንዘብህን አታባክን።

ጥያቄ፦ ከዘይቱ ጋር የሚመጣውን የላብራቶሪ ምርመራ ወረቀት እንዴት ላንብበው? መቶኛው ያደናግረኛል።

መልስ፦ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በምሳሌ እንሂድ። ጠርሙሱ 30 ሚሊሊትር ነው፣ ላዩ ላይ «600 ሚሊግራም ሲቢኤን» ይላል። የዚህ መጠን ዘይት ወደ 28 ግራም ይመዝናል። ወረቀቱ ሲቢኤን 1.8 በመቶ ካለ፣ 28ን በ1.8 በመቶ ስታበዛው 504 ሚሊግራም ነው የሚመጣው። 600 ተብሎ ተሽጦልሃል ማለት ነው።

ቀጥለህ ቲኤችሲውን ተመልከት። «0.2 በመቶ» ሲባል ምንም ይመስላል፤ ነገር ግን በጠርሙሱ ውስጥ 56 ሚሊግራም ነው፣ በአንድ ሚሊሊትር ወደ 1.9። ሁለት ሙሉ መጠብጠቢያ (ሁለት ሚሊሊትር) የወሰደ ሰው 3.7 ሚሊግራም ቲኤችሲ ዋጠ። ላልለመደ ሰው ይህ የሚሰማ መጠን ነው፤ ብዙዎች «ሲቢኤን አስተኛኝ» የሚሉትም ይህን ሳያዩ ይመስለኛል።

ቲኤችሲኤ (ሲሞቅ ቲኤችሲ የሚሆነው) የሚል መስመር ካለም አትዝለለው። ቲኤችሲኤውን በ0.877 አባዝተህ ቲኤችሲው ላይ ደምር፤ ጠቅላላው እሱ ነው። «አልተገኘም» የሚለውንም በጭፍን አትመን፣ መሣሪያው ከስንት በታች መለየት እንደማይችል ጎኑ ላይ ተጽፏል። በመጨረሻም በወረቀቱ ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር ከጠርሙሱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት) ትወስዳለች፣ እንቅልፍም የላትም። ልግዛላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪማቸውን ሳታማክሪ አትስጫቸው። ዋርፋሪንን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ሲ9 የሚባል ኢንዛይም ነው፤ በላብራቶሪ ሙከራ ሲቢኤን ይህንን ኢንዛይም ያግዳል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከተጠራቀመ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ሐኪሙ ቢፈቅድ እንኳ የደም መርጋት መለኪያው (አይኤንአር) ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። የእንቅልፍ ክኒን ወይም አልኮል የሚወስድ ሰውም ድብታው ይደራረብበታል።

ጥያቄ፦ ሥራ ቦታ የሽንት ምርመራ አለብን። ያስይዘኛል?

መልስ፦ ሊያስይዝህ ይችላል። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ አንዳንዴ ሲቢኤንን ከቲኤችሲ ቅሪት ጋር ያምታታል። የማረጋገጫው ምርመራ ሁለቱን ይለያል። ዘይቱ ውስጥ ቲኤችሲ ካለ ግን፣ ከላይ እንዳየነው፣ የማረጋገጫውም ውጤት ትክክለኛ «አለበት» ይሆናል፤ «እኔ የገዛሁት ሲቢኤን ነው» ማለት አያድንም።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በዱባይ በኩል ስመጣ ሻንጣ ውስጥ ብይዘውስ?

መልስ፦ አትያዝ። አሜሪካ ውስጥ በሱቅ መሸጡ ሌላ አገር አይሠራም። ዱባይ የሲቢዲ ዘይት እንኳ ሰው አሳስሯል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ወደ አገር ማስገባትን ይቀጣል። በለንደን ለምታልፉም፣ ካናቢኖል በብሪታንያ ሕግ በስሙ ተጠቅሶ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ የቆየ ዕፅ ውስጥ ቲኤችሲው በሙሉ ወደ ሲቢኤን ይለወጣል?

መልስ፦ አይለወጥም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ዕፅ በመጀመሪያው ዓመት ከቲኤችሲው ወደ 17 በመቶ፣ በአራት ዓመት ወደ 41 በመቶ ያጣል፤ ከጠፋው ውስጥ ሲቢኤን ሆኖ የሚገኘው ግን ከፊሉ ብቻ ነው። የፎረንሲክ ባለሙያዎች የሁለቱን ንጽጽር የተያዘ ዕፅ ዕድሜ ለመገመት ይጠቀሙበታል፦ ሲቢኤን ለቲኤችሲ ሲካፈል ከ0.013 በታች ከሆነ ዕፁ ስድስት ወር አልሞላውም።

ጥያቄ፦ ዘይቱ ጠቁሮብኛል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ሲቢኤኑ ራሱ በቀላሉ አይበላሽም፣ የሚበላሸው የተበጠበጠበት ዘይት ነው። ክዳኑን ከፍተህ አሽትተው፤ የከረመ የምግብ ዘይት ከሸተተህ ጣለው። ካልሸተተ ክዳኑን አጥብቀህ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው፤ የጎደለ ጠርሙስ ብዙ አየር ስለሚይዝ ቶሎ ጨርሰው።