ጣራ የሌለው ገዳም ለማየት ይኬዳል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁሽ መጥተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሰሜን እንግሊዝ ዮርክሻየር ያለው ፋውንቴንስ አቢ ገዳም መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ካልሄድኩ ብለዋል። አንቺ ፎቶውን አይተሽ «የፈረሰ ግንብ ነው፤ ከሊድስ ያን ያህል መንገድና የመግቢያ ገንዘብ ያዋጣል ወይ?» ብለሻል። እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምወስደው እዚያ ነው። ዋናው ነገር በየት እንደምትገቡና ከየት እንደምትጀምሩ ነው።

ትልቁ የእንግዳ መቀበያ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ከዚያ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። መውረዱስ ይሁን፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው መመለሻው ነው ጣጣው። ስለዚህ ዌስት ጌት በሚባለው በወፍጮ ቤቱ በኩል ግቡ፣ ለገዳሙ ቅርብ ነው። እዚያ ያለው መኪና ማቆሚያ ትንሽ ስለሆነ ማልዳችሁ ድረሱ። በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበርም ያውሳሉ፤ ቀደም ብለሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ከቤት ሳትወጡ ለእናትሽ ቁርጡን ንገሪያቸው። መነኩሴ የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ ጠበል የለም። አክስቴን ስወስዳት ይህን ሁሉ ነግሬያት ነበር፣ ግን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ወለሉ ሣር ነው፣ ያውም ዝናብ የጠገበ። ካልሲዋ እየራሰ መሃሉን ይዛ እስከ መቅደሱ ሄደች። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየችና «ጣራውን ማን በላው?» አለችኝ።

የበላው ንጉሥ ነው። ሄንሪ ስምንተኛ የእንግሊዝን ገዳማት ሲዘጋ ይሄኛው ተራው በ1539 ደረሰው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አበምኔቱና መነኮሳቱ ፈርመው አስረከቡ፣ ጡረታ ተቆረጠላቸው፣ ተበተኑ። የጣራው እርሳስ ገንዘብ ስለነበር ተገፎ ሄደ። ጣራ የሌለው ግንብ እንግሊዝ አገር ዝናብ ውስጥ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከገዳሙ ግንብ ተነቅሎ የተወሰደ ድንጋይም አለ፤ በር አካባቢ የምታዩት ፋውንቴንስ ሆል የሚባለው ቤት በከፊል የተሠራው ከገዳሙ ድንጋይ ነው።

የተመሠረተው በ1132 ነው። 13 መነኮሳት ዮርክ ከሚገኘው የቅድስት ማርያም ገዳም ሥርዓቱ ላልቷል ብለው ወጡ። ሊቀ ጳጳሱ ተርስታን በስኬል ወንዝ ዳር ማንም የማይፈልገውን ሸለቆ ሰጣቸው። ብዙም ሳይቆዩ ከፈረንሳይ የተነሣውን የሲስተርሲያን ሥርዓት ተቀበሉ። እኛ አገር ካቶሊኮች ሲታውያን የሚሏቸው፣ መንዲዳ ላይ ገዳም ያላቸው መነኮሳት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ለእናትሽ «እንደ አንድነት ገዳም ነው፤ ሥራውም ማዕዱም የጋራ» ብትያቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ያልተቀለመ የበግ ፀጉር ልብስ ይለብሱ ነበር፣ ሌሊት ለጸሎት ይነሡ ነበር፣ በመጀመሪያው ዘመን ሥጋም አይበሉም ነበር። አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ፊቷ ፈካ።

አሁን ወደ ጉብኝቱ። አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ ማማው ይሮጣል። እናንተ መጀመሪያ ሴላሪየም ወደሚባለው ምድር ቤት ግቡ። ለእኔ ከግቢው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ርዝመቱ 90 ሜትር ገደማ ሲሆን ጣራው እንዳለ ነው። መሃሉን ይዞ አንድ ረድፍ ዓምድ ይሄዳል። ዓምዶቹ አናታቸው ላይ ጌጥ የላቸውም፤ ድንጋዩ ሳይቋረጥ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ተዘርግቶ ጣራውን ይሸከማል። ግድግዳውን በእጅ ብትነኪው በበጋም ቀዝቃዛ ነው። የሌሊት ወፎች ይኖሩበታል፤ ልጆች ካሉ ይህን ንገሪያቸው፣ አንገታቸውን አንጋጥጠው ይውላሉ።

እዚህ የኖሩት ጸሎቱን በዜማ የሚያደርሱት መዘምራን መነኮሳት አልነበሩም፣ የጉልበት ሥራውን የሚሠሩት ሠራተኛ ወንድሞች ነበሩ። ሁለቱም ቃል የገቡ መነኮሳት ናቸው፤ ሠራተኞቹ ግን አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው። ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ ድንጋይ ይጠርባሉ። ታች እህልና የበግ ፀጉር ይቀመጥ ነበር፣ እነሱም እዚያው ይበሉ ነበር፣ ላይ ይተኙ ነበር። መጸዳጃ ቤታቸው ወንዙ ላይ ነው የተሠራው፤ ውኃው ራሱ ጠራርጎ ይወስደዋል። የዚህ ሁሉ ግንብ ገንዘብ የመጣው ከበጉ ነው። የጣልያን ነጋዴዎች ገና ያልተሸለተውን ፀጉር ሳይቀር ቀድመው ከፍለው ይዋዋሉ ነበር። በግ ሲታመም ታዲያ ዕዳ ይመጣል፣ መጥቶባቸዋልም። ከ1348ቱ ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ ሠራተኛ ወንድሞች እየጠፉ ሄዱ፣ እርሻውም ለጭሰኛ ተከራየ። ቤተ ክርስቲያኑን ከዚህ በኋላ ብታዩት ማን እንዳቆመው አውቃችሁ ታዩታላችሁ።

ከዚያ ወደ ማሞቂያ ክፍሉ እለፉ። ሰው ቆሞ የሚገባበት ምድጃ አለው። መነኮሳቱ እሳት የሚሞቁት እዚህ ነበር፣ እንጂ መኝታቸው እሳት የለውም። ከበላዩ ያለው ክፍል ደረቅ ስለሆነ የገዳሙ ሰነዶች የሚቀመጡበት ነበር።

ማማው 50 ሜትር ያህል ነው፣ ያምራል። ግን ትዝብት አለኝ። የቀደሙት ሲስተርሲያኖች የድንጋይ ደወል ማማ ራሱ ከልክለው ነበር። አበምኔት ማርማዱክ ሂዩቢ ገዳሙ ሊዘጋ ጥቂት አሥርት ዓመታት ሲቀሩት ይሄን ተራራ አቆመ። ሥርዓቱ ላልቷል ብለው ከዮርክ የወጡት አባቶች ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? በስተምሥራቅ ባለው የዘጠኙ መንበሮች ክፍል ደግሞ የተሰነጠቀ የመስኮት ቅስት ሲጠግኑ የቀረጹት መልአክ አለ፤ ዓይን ካልተሳለ ያልፋችኋል፣ ፈልጉት።

ከገዳሙ ቀጥሎ ያለውን የውኃ አትክልት፣ ማለትም ኩሬ ያለበትን መናፈሻ በተመለከተ፣ የጊዜውና የጉልበታችሁ ጉዳይ ነው። የሠራው ጆን ኤይዝላቢ የሚባል የገንዘብ ሚኒስትር ነው። በሳውዝ ሲ ኩባንያ የአክሲዮን ቅሌት በ1721 ከፓርላማ ተባርሮ አገሩ ገባና ኩሬ ማስቆፈሩን ተያያዘው። ገዳሙን ከአትክልቱ ጋር የቀላቀለው ልጁ ነው። ውብ ነው፣ ግን ረጅም የእግር መንገድ አለው። እናትሽ ከደከሙ ተዉት። አጋዘን ማየት ከፈለጋችሁ በመኪና ዞራችሁ በስተድሊ ሮያል በኩል ወዳለው ፓርክ መግባት ይቻላል።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካፌው ውስጥ የጾም ነገር ስትፈልጉ ሰዓት ይሄዳል። ሣሩ ላይ መብላት ይቻላል። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። በብርዱ ወራት በጊዜ ይዘጋል፣ ከመሄድሽ በፊት ሰዓቱን እይ። መኪና ከሌላችሁ 36 ቁጥር አውቶቡስ ከሊድስ በሃሮጌት አድርጎ ለገዳሙ ቅርብ ወደሆነችው ከተማ ሪፐን ያደርሳችኋል፤ ሪፐን ባቡር የላትም። ከሪፐን ወደ ገዳሙ አውቶቡስ እምብዛም ስለሌለ ታክሲ ያዙ፣ የመመለሻውንም ከሾፌሩ ጋር እዚያው ተነጋገሩ።