ጥያቄና መልስ፦ ልጆቻችን፣ ፖሊስ እና «በሴደር» (እሺ) የምትለዋ ቃል

አወያይ፦ የዛሬዋ መልስ ሰጪ እዚህ እስራኤል ለኛ ለቤተ እስራኤል ልጆች መብታቸውን የምታስተምር እህታችን ናት። ግቡ።

የኔታንያዋ እናት፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ፖሊስ አስቁሞት ቦርሳህን ልየው ሲለው በሴደር ብሎ ከፈተለት። እምቢ ማለት ይችል ነበር?

መላሽ፦ ይችል ነበር እንጂ! ፖሊሱ ቢላ ወይ ሐሺሽ ይዟል ብሎ በቂ ጥርጣሬ ካለው እኮ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ይፈትሻል። ከጠየቀ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው ስለሌለው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቤን ሐይም ጉዳይ ላይ እምቢ ማለት እንደምትችል፣ እምቢታህም እንደማይቆጠርብህ ፖሊሱ ራሱ ሊነግርህ ይገባል ብሏል። ችግሩ ግን ከሕጉ አይደለም እህቴ፣ ከኛ አስተዳደግ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግርህ አንገትህን ድፋ፣ እሺ በል ብለን ነው ያሳደግናቸው፣ ፖሊሱ የተደፋውን አንገት ሲያይ የሆነ ነገር ደብቋል ይላል፣ ልጁ ለጨዋነት ያላትን በሴደር ደግሞ ፈቃድ ብሎ ይጽፋታል። ክፍል ውስጥ አንዱን ልጅ ፖሊስ አደርገውና ቦርሳ ክፈት አስብለዋለሁ፣ ሌላኛው «ለምን?» እያለ ነው፣ እጁ ግን ዚፑን ጎትቶ ጨርሷል! ስለዚህ «አኒ ሎ ማስኪም» (አልፈቅድም) ማለትን ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እየደጋገሙ ይለማመዳሉ። ከፈተሸው ግን ይፈትሽ፣ እጅ መግፋት የለም።

ባትያም፦ ተዑዳት ዘሁት (መታወቂያ) ሁሌ መያዝ ግዴታ ነው?

መላሽ፦ ከ16 ዓመት ጀምሮ አዎ። ቀጣይ።

ሰሎሜ፦ ፖሊስን በስልክ መቅረጽስ?

መላሽ፦ ሥራውን እስካላደናቀፉ ይቻላል። ራቅ ብለው።

ጋሽ አድማሱ፦ ይቅርታ አርጉልኝና ይሄ ትምህርት ልጆቹን ባለጌ ያደርጋቸዋል። አርፎ የሚሄድን ልጅ ማን ይነካዋል?

ሰሎሜ፦ ጋሼ፣ የኛው ልጅ ዳማስ ፓካዳ እኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ሆሎን ላይ በፖሊስ ሲደበደብ የወታደር ልብስ ለብሶ ነበር። ከዚህ በላይ ማረፍ ምንድነው?

ጋሽ አድማሱ፦ ያ ሌላ ነው። እኛ በሱዳን በረሃ ስንመጣ ማንም መብት አላስተማረንም።

ያየህ፦ ለዛም ነው ዛሬ ድረስ የማናነበውን የምንፈርመው 😅

መላሽ፦ በቃ፣ ወደ ጥያቄ።

ኪሩብ፦ ልጄን ያዙብኝ ምን ላርግ

መላሽ፦ መቼ? የት? ስንት ዓመቱ ነው? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። አሁን ጣቢያ ካለ እዚህ አትጻፍ፣ ሳኔጎርያ ጺቡሪት ደውል፣ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ናቸው። ጠበቃ ሳያማክር ቃል አይስጥ። ያላነበበውን አይፈርም። ከ14 እስከ 18 ከሆነ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት በመርህ ደረጃ አይመረመርም። አንተም አትፈርም! አንድ ጣቢያ ላይ ያየሁት አይረሳኝም፣ እናትየው ዕብራይስጥ አይገባትም፣ የሚያስተረጉሙት በተጠረጠረው ልጅ ራሱ ነው፣ «እማ እዚህ ጋ ፈርሚ ነው የሚለው» ይላታል፣ ጣቷ እየተንቀጠቀጠ ፈረመች። አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጃችሁ አስተርጓሚ አይደለም።

አዲስ አበባ፦ እዚህ ኢትዮጵያስ?

መላሽ፦ የኔ ሙያ አይደለም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 አንብብ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል።

ዮናስ ነኝ፦ የወንድሜ ቲክ (የፖሊስ ፋይሉ) ተዘግቷል ተባለ። አለቀ ማለት ነው?

መላሽ፦ አላለቀም!! እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሰው ተዘጋ ሲባል እልል ብሎ ወረቀቱን ይጥላል። በምን ምክንያት ተዘጋ? «ማስረጃ አነሰ» ወይ «የጉዳዩ ሁኔታ በአጠቃላይ ለክስ አይሆንም» (ድሮ «ለሕዝብ ጥቅም የለውም» ይባል የነበረው) ከተባለ ፖሊስ መዝገብ ላይ ስሙ ይቀመጣል፣ ጻባ (ጦር ሠራዊት) ሊገባ ሲል ሊያዩት ይችላሉ። የሚጠፋው «ሖሴር አሽማ» ሲባል ነው፣ ጥፋት የለበትም ማለት ነው። የመዝጊያው ምክንያት ይቀየርልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፣ ጠበቃ ያግዘው። ደብዳቤውን ፈልጉት፣ አትጣሉ።

ባትያም፦ ፖሊስን መቅረጽ ይቻላል ወይ?

መላሽ፦ ወይ ጉድ። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የኔታንያዋ እናት፦ ለልጄ አነበብኩለት። «እማ፣ እኔ ፖሊስ ፊት እንዲህ አልልም፣ አፍራለሁ» አለኝ።

መላሽ፦ እኔ ጋ የሚመጡትም መጀመሪያ እንደዛ ነው የሚሉት። ማክሰኞ ማታ ላኪው፣ ቦርሳውን ይዞ።