መልስ፦ ለጠጠረ የመስኖ ማሳ የቅጠል ማዳበሪያ

በመስኖ ደጋግመው ያለሙት ማሳ ላዩ እየጠጠረ ውኃ አላሰርግ ማለቱን ገልጸው፣ የቅጠል ማዳበሪያ፣ ማለትም አፈር ውስጥ የሚቀበር ቅጠል፣ ያድነው እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ ይረዳዋል። ዋናው ነገር ግን የቅጠሉ ዓይነት ነው።

እንደ ሰስባንያ፣ ሉኪኒያና አልፋልፋ ካሉ ናይትሮጅን (የሰብል ዋና ምግብ) ከአየር ከሚወስዱ ተክሎች ለስላሳውን ቅጠል ይምረጡ። ከደረቅ ክብደቱ 3 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ናይትሮጅን ነው፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ገለባ ብቻ ከቀበሩ ግን የአፈር ጥቃቅን ሕዋሳት እሱን ለማብላላት ናይትሮጅኑን ከሰብሉ ይሻሙታል፤ ቡቃያውም ቢጫ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቡቃያ ስለሚያቀጭጭ ጨርሶ አልመክርዎትም።

ቅጠሉን ቆራርጠው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ያዋሕዱ፤ በመጠኑም ያጠጡት። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይታገሡ። ከዚያ አንድ እፍኝ አፈር አንሥተው ይመልከቱ፤ የቅጠሉ ገጽ ጠፍቶ ጅማቱ ብቻ ከቀረና ሽታው ዝናብ የነካው መሬት ከመሰለ ለመዝራት ደርሷል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተዎት ውኃ በዝቶበት አየር አጥቷልና ማጠጣቱን ያቁሙ።

አንድ ነገር አደራ፦ ማሳው ላይ ነጭ ብናኝ ይታያል? ጨው ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው አፈሩን ያስመርምሩ። ቅጠል አፈሩን አላልቶ ውኃ እንዲሰርግ ያግዛል እንጂ ብቻውን ጨው አያወጣም። ጨው የሚታጠበው ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ሲኖር ነው።