ቁጥሩ ድርብ የሆነ ሳንቲም ስታገኝ

«ከመልስ ያገኘሁት ሳንቲም ላይ ዓመቱ ድርብ ሆኖ ይታያል። ልዩ ዓይነት ነው ወይስ ዝም ብሎ ብልሽት? ማጥናትስ ከየት ልጀምር?» ላልከው ወንድሜ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እኔም በዚሁ ነገር ተሸውጄ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው «ግኝቴ» ቁጥሮቹ ሁሉ ጥላ ያላቸው ነበሩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ። በኋላ አንድ የቆየ ሰብሳቢ በማጉያ መነጽር አየት አደረገና «ይሄ ዳዩ ላይ የለም» ብሎ መለሰልኝ። አፈርኩ፤ ግን የጥያቄህ መልስ ያለው እዚያች ላይ ነው።

ዳይ ሳንቲሙን የሚያትመው የብረት ቅርጽ ነው። ዳዩ ላይ ያለ ስሕተት በሚያትማቸው ሳንቲሞች ሁሉ ላይ ይደገማል። ልዩ ዓይነት የምንለው እሱን ነው። በምቱ ጊዜ የተፈጠረው ግን የዚያች አንዲት ሳንቲም ገጠመኝ ነው።

ለመለየት የቁጥሩን ጠርዝ እይ። ዳዩ ላላ ካለ፣ ሳንቲሙን ከመታ በኋላ ትንሽ ይንሸራተትና የቁጥሩን ጎን ይጨፈልቀዋል። እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ነገር ይታይሃል። ቁጥሩም ይቀጥናል፤ ደረጃው የወጣው ከራሱ አካል ነዋ! የእኔም ጉድ ይሄው ነበር። እውነተኛው ድርብ ዳይ ላይ ግን ሁለተኛውም ቅርጽ ሙሉ ነው፣ ጠርዙ ለስለስ ይላል። ቁጥሩ ይሰፋል፤ ጫፉ ላይም ሁለቱ የሚለያዩባት ትንሽ ክፍተት አለች። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

በፈረንጆቹ 1955 የታተመውን የአሜሪካ አንድ ሴንት ፎቶ ፈልገህ እየው። ዳዩ ሲሠራ ምስሉ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ትንሽ ዞር ብሎ ታተመበት። ዓመቱና ጽሑፉ በባዶ ዓይን ሳይቀር ድርብ ነው። መሃሉ ላይ ያለው የፕሬዚዳንት ሊንከን ፊት ግን ምንም የሆነ አይመስልም፤ መዞር ከመሃል ይልቅ ዳር ዳሩን ነው የሚያጎላው።

ሌላ የሚጠቅም ዘዴ አለ። ሳንቲሙ ላይ መስመር ካየህ ጎድጉዷል ወይስ ከፍ ብሏል? ጎድጎድ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከታተመ በኋላ የተጫረ ነው፣ እርሳው። ከፍ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ዳዩ ራሱ ተሰንጥቆ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ስለገባ ነው። ያንኑ ስንጥቅ በሌላ ሳንቲም ላይ ረዝሞ ስታገኘው፣ የዳዩን እርጅና ደረጃ በደረጃ እየተከተልክ ነው ማለት ነው። ለእኔ ከድርብ ቁጥር ይልቅ የሚጥመኝ ይሄ ነው።

የማተሚያ ቤት ምልክቶችንም ልብ በል። ጀርመን ውስጥ በአንድ ዓመት የወጣ ዩሮ በአምስት ከተሞች ሊታተም ይችላል። «ኤ» ፊደል በርሊን፣ «ዲ» ሙኒክ፣ «ኤፍ» ሽቱትጋርት፣ «ጂ» ካርልስሩኸ፣ «ጄ» ሃምቡርግ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሚዛን ያስፈልግሃል። የ1982 የአሜሪካ ሴንት 3.11 ግራም ከሆነ አብዛኛው መዳብ ነው፣ 2.5 ከሆነ መዳብ የተቀባ ዚንክ ነው።

የጠፋ ነገርም ይፈለጋል። በ2008 የእንግሊዝ 20 ፔንስ ዲዛይኑ ሲቀየር፣ ዓመቱ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ዞረ። የአሮጌው ንጉሣዊ ገጽ ዳይ ከአዲሱ የጀርባ ዳይ ጋር ተጣመረና ጭራሽ ዓመት የሌለው ሳንቲም ወጣ።

ለመጀመር አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና አንድ የጠረጴዛ መብራት ይበቃሃል። ብርሃኑን ከጎን አድርገው፣ ሳንቲሙን ቀስ ብለህ አዙረው። ስታዞረው ቦታ የሚቀያይር «ድርብ» ብዙ ጊዜ ነጸብራቅ ነው። ሳንቲሙን እንዳታጥበው፣ እንዳትወለውለው። ከዚያ የቁጥሩን ጠርዝ ብቻ በቅርበት አንሥተህ ለጥፍልን፣ ክፍተቷ ካለች እናያታለን።