ዩኒቨርሲቲ ከመሙላትዎ በፊት ዲፓርትመንቱን ይዩ

«ልጄ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ይፈልጋል። አንደኛ ምርጫው ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ይሁን ወይስ ለቤት የሚቀርበው? ከሄደስ በኋላ እንዴት ይለምዳል?» ብለው ለጠየቁት እናት፦

የትምህርት ሚኒስቴር የሚመድበው ዩኒቨርሲቲ እንጂ ዲፓርትመንት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኛው ተማሪ በፍሬሽማን ኮርስ (በመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ይጀምራል፤ ዲፓርትመንት የሚያገኘው እዚያው ግቢ ውስጥ ተወዳድሮ ነው፣ ዋናው መለኪያም ጂፒኤው (የኮርሶቹ አማካይ ውጤት) ነው። ስለዚህ ስመ ጥር ግቢ ማለት ከባድ ፉክክር ማለትም ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ኖሮት ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሌለው ግቢ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ይህን ያጣሩ። ከዚያ እዚያው የሚማር የ2ኛ ዓመት ልጅ ፈልገው «አምና ሶፍትዌር ስንት ተማሪ ተቀበለ? የመጨረሻው የገባው በስንት ጂፒኤ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ርቀቱን ከዚህ በኋላ ያስቡበት። የታች ምርጫዎችንም በዘፈቀደ አይሙሉ፣ ምደባው እዚያ ሊያርፍ ይችላል። የጤና ችግር ካለበት የሐኪም ማስረጃው ከምደባው በፊት ይቅረብ፤ ከተመደበ በኋላ ዝውውር ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

አሁን ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ። ፍሬሽ ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ሙጭጭ ብሎ ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂንና ጂኦግራፊን «ኮመን ኮርስ ነው» ብሎ ይንቃል። ጂፒኤ ግን የሚቆጥረው ክሬዲት (ለኮርሱ የተሰጠው ክብደት) ነው። ባለ 3 ክሬዲት 6 ኮርስ ቢወስድ ድምሩ 18 ነው። ሎጂክ ላይ በኤ ማይነስ (3.75) ፈንታ ሲ (2.0) ቢያመጣ 1.75 በ3 ተባዝቶ 5.25 ነጥብ ያጣል፤ ለ18 ሲካፈል ጂፒኤው በ0.29 ወረደ ማለት ነው። ሶፍትዌር የሚቀረው በዚህች ነው። ሞጁሎቹ (የኮርሶቹ መማሪያ ጽሑፎች) በእንግሊዝኛ ስለሆኑ የሎጂክ ሞጁል ለፈተና ማታ የሚነበብ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። የሲኒየር ወረቀት (ከቀደሙ ተማሪዎች የሚገኝ የቆየ ፈተና) ጥሩ ነው፣ ግን መለማመጃ እንጂ ሞጁሉን አይተካም።

ሲሄድ የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ የ9–12 ትራንስክሪፕቱን (ኦሪጅናሉን ከነኮፒው)፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ ይያዝ። ለሎከሩ ጠንካራ ጓጉንቸር ቁልፍ አይርሱ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ቢመገብ ይሻላል፤ ለነን ካፌ (ግቢው ካፌ ለማይመገብ ተማሪ) የሚሰጠው ገንዘብ ከወሩ በፊት ያልቃል፣ ከዚያ ጭንቀቱ ወደ እርስዎ ስልክ ይመጣል።

ናፍቆቱ መጀመሪያ አካባቢ ይጠናል። ሲደውል ያዳምጡት፣ «በቃ ተመለስ» ለማለት ግን አይቸኩሉ። የዶርም ጸብ ከሆነ መጀመሪያ ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) ይናገር። የግድ ማቋረጥ ካለበት ሻንጣውን ከማንሳቱ በፊት ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ፎርም ይሙላ፣ ኮፒውንም ይያዝ። ዝም ብሎ ከወጣ ያልተፈተናቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ሊመዘገቡበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ልመለስ ሲልም በሩ ሊዘጋበት ይችላል።