ቴሬዚን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከጀርመን ወደ ፕራግ የሚነዱ ሐበሾች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች እስር ቤትና የአይሁዶች ማጎሪያ ያደረጓት የቼክ ከተማ፣ ቴሬዚን ጋ ቆም ይላሉ። በሩ ላይ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ መኪናው። ኧረ ተዉ! ምሽጉ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ እኮ መቃብር ነው።

1. ወረቀት። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ያዙ፣ ቀናቸው እንዳላለፈ እዩ።

2. ሙሉ ቀን ስጡት። ከፕራግ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውቶቡስም አለ። ትንሹ ምሽግ የጌስታፖ፣ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ እስር ቤት ነበር። ናዚዎች እ.ኤ.አ. ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ አይሁዶችን ያጎሩበት ጌቶ ደግሞ ከተማው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ምሽጉን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከ140 ሺህ በላይ ሰው ወደዚህ ተጋዘ። 33 ሺህ ያህሉ እዚያው በረሃብና በበሽታ አለቀ፣ 88 ሺህ ገደማ የሚሆነውን ደግሞ ወደ አውሽቪትስ የሞት ካምፕና ወደ ሌሎች ካምፖች ጫኑት።

3. ልጆቻችሁን በአማርኛ አዘጋጁ። እኔ አላዘጋጀሁም።

የጌቶው ሙዚየም ውስጥ የልጆች ክፍል አለ፤ ስማቸው ግድግዳው ላይ፣ ስዕላቸው አጠገቡ። ቢራቢሮ፣ ቤት፣ አበባ። እዚያ ልጅ ማስተማር ክልክል ነበር፤ ትልልቆቹ ግን እየተራቡም ተደብቀው ያስተምሩ ነበር። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሰዓሊ የስዕል ዕቃ ይዛ ገባች፣ ልጆቹንም በስዕሉ ላይ ስማችሁን ጻፉ ትላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 አውሽቪትስ ተወስዳ ተገደለች። 4,500 ያህል ስዕሎች በሁለት ሻንጣ ተቀምጠው ቀሩ።

ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነው። አንዱ ስዕል ፊት ቆማ በጀርመንኛ "ልጆቹን ለምን?" አለችኝ። የኔ ጀርመንኛ የመጋዘን ጀርመንኛ ነው፤ አንሳ፣ አስቀምጥ፣ ተጠንቀቅ። የሷ አማርኛ ደግሞ "እሺ" እና "በቃኝ" ነው። ዝም አልኩ። ጽሑፉን እሷ አንብባ ለኔ አስረዳችኝ፣ ለአባቷ! ሁለት ቋንቋ ልጅ ያደናግራል ያለኝን ሰው ሰምቼ ነው እንዲህ የሆንኩት። ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ፣ ቤት ስገባም በተሰባበረ ጀርመንኛ ሳናግራት አደገች። መከራቸውን ከኛ ቸልተኝነት ጋር ማወዳደሬ አይደለም፣ አይወዳደርም። ግን እነሱ ተከልክለው አስተማሩ፤ እኛን ማን ከለከለን?

ስለዚህ ከመሄዳችሁ ሳምንት ቀደም ብላችሁ እራት ላይ ስልኩን ዝጉና ንገሯቸው፣ ማን እንደነበሩ፣ ማን እንዳሰራቸው፣ በአማርኛ። ካልገባቸው ድገሙት። "ልጄ አይሰማኝም" አትበሉኝ፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር። ልጄ አሁን 24 ዓመቷ ነው፣ የዚያን ቀን ጥያቄዋን እስካሁን አልመለስኩላትም።