መልስ፦ አባቴን ኮቪድ ይዟቸዋል፤ የሳንባቸው ሲቲ ስካን 11/25 ይላል፤ በድጋሚ ይነሱ?

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሳንባ አምስት ክፍል አለው፤ ቀኝ ሦስት፣ ግራ ሁለት። ለእያንዳንዱ እንደ ጉዳቱ ስፋት ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፦ ከ5 በመቶ በታች 1፣ ከ75 በመቶ በላይ 5፤ የአምስቱ ድምር ከ25 ይታሰባል። ስለዚህ 11/25 ማለት 44 በመቶው ሳንባ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ቁጥሩ የሚነበበው ከሕመሙ ቀን ጋር ነው፤ በሁለተኛው ቀን ንጹሕ የነበረ ሳንባ በአሥረኛው ሊብስ ይችላል።

ሐኪማቸው ካላዘዘ ለድጋሚ ስካን ከሱሉልታ አታመላልሷቸው። ይልቅ ጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ (ኦክሲሜትር) ኦክስጅናቸውን ለኩ፤ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ጣታቸው ሞቆ። ቀዝቃዛ ጣት አሳስቶ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። በሱሉልታ ከፍታ ጤነኛ ሰውም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ግን ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ከሄደ፣ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ወይም ሲያወሩ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዷቸው።